ወተቷን እንጂ ላሟን

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ፈጠነ የሚቅላቱን የብረት በር ሲከፍት አባ ሽበሺን ወለሉ ላይ አገኛቸው። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ሞተዋል።

ሚቅላት የምንለው እዚህ እስራኤል ሮኬት ሲመጣ የምንገባበትን የምድር ቤት መጠለያ ነው። የማኅበራችን ትምህርት ቤት ግን ሮኬት በሌለበት ጊዜ መዝገብ ያስቀምጥበታል። ነሐሴ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ደረጃውን ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ፊቴን መታኝ።

ሺራን እባላለሁ፤ የቂርያት ጋት ፖሊስ መርማሪ ነኝ። አለቃዬ ድቪር "ማኅበረሰቡን ስለምታውቂው ጉዳዩ ያንቺ ነው" ብሎ ላከኝ። ማኅበረሰቡን ማወቅ ምን ያህል እጅ እንደሚያስር እሱ ከየት ያውቃል።

"በሩ ከውጭ ነበር የተዘጋው?" አልኩት ጋሽ ፈጠነን። የትምህርት ቤቱ አቭ ባይት እሱ ነው፤ ቁልፍ ይይዛል፣ ይጠግናል፣ አትክልት ያጠጣል።

"ከውጭ። መያዣው እስከ ታች ወርዶ።"

"ከውስጥስ?"

መሬት መሬት አየ። "የውስጡን መያዣ ፈትቼ ለብየዳ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ወስጄዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው። እንዳይዘጋ ብዬ ጽፌ ለጥፌ ነበር እኮ።"

ወረቀቱ አሁንም በሩ ላይ ነበር። በዕብራይስጥም በአማርኛም፣ በትልቅ ፊደል፣ "ከውስጥ አይከፈትም፤ በሩን አትዝጉ" ይላል። የዘጋው ሰው ይህን ሳያይ አልዘጋም።

ሐኪሙ፣ የሞቱት እሁድ ከቀትር በኋላ ነው አለ፤ ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሰማንያ ሁለት ዓመት፣ ስኳር በሽታ፣ ሙቀት። ስልካቸውን እንደ ልማዳቸው ቤት ትተውት ወጥተዋል። ቢይዙትም ያ ኮንክሪት ድምፅ አያሳልፍም። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በቡጢ ቁመት፣ ቀለሙ ተፋፍቋል። እሱን ሳይ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣሁና ተመለስኩ።

ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነሳ እስክሪብቶ አለ። መዝገቦቹ ሳጥናቸው ውስጥ ናቸው። ማስታወሻዬ ላይ "እስክሪብቶ አለ፣ ወረቀት የለም" ብዬ ጻፍኩ።

* * *

ስለ ኬረኑ መናገር አለብኝ። ኬረን ማለት ለትምህርት ቤቱ የተቀመጠ ቋሚ ገንዘብ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሽማግሌዎቻችን፣ በየፋብሪካው ወገባቸው የጎበጠ ሰዎች፣ ከፔንሲያቸው፣ ከጡረታቸው፣ እየቆነጠሩ አዋጡ። አንዳንዱ ለቀብሩ ያስቀመጠውን ሰጠ። ሕጉን ያወጡት አባ ሽበሺ ናቸው። "ላሟ አትታረድም፤ ወተቷ ይጠጣል" አሉ። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ በየዓመቱ የሚያፈራው ብቻ ለመምህራንና ለድሃ ልጆች ክፍያ ይውላል። እኔም አባቴ ሲታመም ከዚያች ወተት ጠጥቼ ነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት።

ላሟን ለማረድ የሁለት ባለአደራዎች ስምምነት ያስፈልጋል፤ የአባ ሽበሺ ፊርማና የእህታቸው የእማማ አገርነሽ አውራ ጣት። ዘንድሮ ገንዘቡ አጠረ። መስከረም ላይ ገንዘብ ካልተገኘ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይዘጋሉ፤ ስድሳ ልጅ ይበተናል። ማኅበሩ ከሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ "ትታረድ" አለ፣ ገሚሱ "ከዚያስ በሚመጣው ዓመት ምን ልንበላ ነው?" አለ።

ከሚቅላቱ ስወጣ ዘመድ ወዳጁ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ተሰብስቧል። የሚያነጋግራቸው አንድ ነገር ነው፤ እማማ አገርነሽ እንዳትሰማ። ልቧ ደካማ ነው፤ ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነበር። መርዶ በወጉ ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። አስከሬኑ ከምርመራ የሚመለሰው ረቡዕ ስለሆነ መርዶውም ለረቡዕ ንጋት ተቀጠረ። እስከዚያ ቤቷ ይጠበቃል።

"ስልኳን እኔ እወስዳለሁ፤ ተበላሽቷል እላታለሁ" አለ ኦሬን፣ የሟቹ ልጅ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ሬዲዮውን ለእኔ ተዉት" አለ ጋሽ ይርጋለም፣ የትምህርት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ። "ማታ የአማርኛውን ፕሮግራም ካልሰማች አትተኛም። የሐዘን ማስታወቂያው ደግሞ እዚያ ላይ ነው የሚነገረው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሺራን፣ ልጄ፣ አንቺም እስከ ረቡዕ እንዳትሄጂባት። የፖሊስ ልብስ ካየች አለቀላት።"

ዋናዋ ምስክሬ በምርመራዬ መጀመሪያ ሰዓት ተቆለፈችብኝ።

* * *

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ኦሬን ላይ ወደቀ። ጎረቤት ዓርብ ዕለት ሲጮህ ሰምቶታል፤ "አንተ እኮ የወለድከው ትምህርት ቤቱን ነው፣ እኔን አይደለም።" ኦሬን ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሠፈር ቤት ሊገዛ አባቱን እርዳታ ጠይቆ ነበር። አባ ሽበሺ የነበራቸውን ለኬረኑ ሰጥተው ጨርሰዋል።

"እሁድ የት ነበርክ?"

"ፋብሪካ። የጠዋት ሚሽመሬት፣ የጠዋት ፈረቃ ነበረኝ።"

"የሥራ ሰዓት ካርድህ ረፋድ ላይ ወጥተህ ከቀትር በኋላ እንደተመለስክ ያሳያል።"

"ካርሜ ጋት፣ የሽያጭ ቢሮው ነበርኩ። ቀብድ ከፍዬ ነበር፤ አስመልሱኝ ልል ሄድኩ። ሚስቴ መክፈሌንም አታውቅም። አልመለሱልኝም።" ካሜራቸው አረጋገጠለት። ልጁን አባቱ በሞተበት ማግስት ጉዱን አስወጥቼ ሰደድኩት፤ አልኮራሁበትም።

ቀጥሎ ጋሽ ፈጠነ። ቁልፉ በእጁ፣ መያዣውን የፈታው በእጁ። እሁድ ግን ከልጆቹ ጋር ኪኔሬት ሐይቅ ነበር፤ ባለ ሆቴሉም የመኪና ማቆሚያው ደረሰኝም መሰከሩለት። ስልኩን ሳይጠየቅ ራሱ አቀበለኝ። እሁድ ረፋድ ላይ ከጋሽ ይርጋለም ሁለት ያልተነሱ ጥሪዎች አሉ።

"ስለ አትክልት ማጠጫው መስሎኝ አላነሳሁም" አለኝ። "ዕረፍት ላይ ነኝ እኮ፣ ሺራን። በዓመት አንዴ።"

ጋሽ ይርጋለም ጋ ሄድኩ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ተመራቂዎች ፎቶ ተሰቅሏል፤ እኔም አንዱ ላይ አለሁ፤ ፀጉሬን ማን እንደዚያ እንዳደረገው አላውቅም።

"እሁድ ቴል አቪቭ ነበርኩ" አለኝ። "ከአንድ ትልቅ ለጋሽ ጋር። ከእኩለ ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አሥር ሰው ፊት።" የራኬቬት ባቡር ትኬቱን፣ የስብሰባውን ፎቶ አሳየኝ። ፎቶው ላይ ጋሽ ይርጋለም ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ውሃ ይዟል፣ አይስቅም።

"አባ ሽበሺን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩዋቸው?"

"ዓርብ።"

"ለጋሽ ፈጠነ ሁለት ጊዜ ደውለዋል።"

"ስለ አትክልት ማጠጫው" አለ።

አባ ሽበሺ ሲሞቱ ሰውየው ቴል አቪቭ ነበር። ጥያቄዬን ዘጋሁ። ጣቢያ ስመለስ ድቪር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

"እህትየዋስ?"

"ወንድሟ መሞቱን አታውቅም።"

"ታዲያ ንገሪያት።"

"አይቻልም።"

"ሺራን፣ ይህ ግድያ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ታነጋግሪያታለሽ።"

ከነገርኳት ልቧ ሊቆም ይችላል፣ ዘመዱም ዕድሜዬን ሙሉ አያናግረኝም። ካልሄድኩ ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል። ልብሴን ቀይሬ፣ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ።

* * *

እማማ አገርነሽ የምትኖረው ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ዘመድ ሴቶች ሶፋው ላይ ምስር እየለቀሙ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጃቸው ቆመ።

"አንቺም መጣሽ?" አለችኝ እማማ። "ዛሬ ምን ተገኘና ነው ቤቴ ሰው የበዛው? ልትድሩኝ ነው?"

ሴቶቹ ከልክ በላይ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

"የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ጠፍቶ እየጠየቅሁ ነው፣ እማማ። አባ ሽበሺን መቼ ነው ያገኟቸው?"

"ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ። ሰኞ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።" ዓይኔን አየችኝ። "ዛሬ ሰኞ አይደለም? መንገድ ላይ አላገኘሽውም?"

"አላገኘኋቸውም" አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ወንጀለኛ ዋሽቶኛል፤ እንደዚያ የከበደ ውሸት ግን ከራሴ አፍ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

"ስለ ኬረኑስ ተነጋገራችሁ?"

"ይርጋለም ፈርሙ ይላል። ወንድሜ እንቢ ይላል። እኔ ያለኝ አውራ ጣት ብቻ ነው። ወንድሜ ከፈረመ እፈርማለሁ፣ ካልፈረመ አልፈርምም ብያለሁ።" እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። "ደግሞ ቤቱ ጭር አለብኝ። ስልኬን ዛሬ ኦሬን ወሰደው። ሬዲዮዬን ይርጋለም። ምን ቀረኝ?"

"ዛሬ ሁለቱም መጡ?"

"ኧረ ይርጋለም ትናንት ነው። እሁድ አመሻሽ፣ ፕሮግራሙ ሊጀምር ሲል። ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ላሠራልሽ ብሎ ከተሰካበት ነቀለው። እራት እንኳን አልቀመሰም። ግንባሬን ሳመኝና ወጣ።"

ሴቶቹ ምስራቸውን ይለቅማሉ። ምንም አልሰሙም፤ ቢሰሙም ምንም የሚሰማ ነገር አልነበረም። የእሷ ዓይን ብቻ ፊቴ ላይ ቀረ። እጇን ስሜ ደረጃውን ወረድኩና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ።

አባ ሽበሺ የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነው። እሁድ አመሻሽ በቂርያት ጋት ውስጥ መሞታቸውን የሚያውቅ ሰው መኖር አልነበረበትም። ይርጋለም ግን እማማ መርዶውን እንዳትሰማ ሬዲዮዋን ሊነቅል ሄዷል። እኔም ሞኝ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የጠየቅሁት አባ ሽበሺ ሲሞቱ ማን የት እንደነበረ ነው። ሰውን ዘግቶ ለሄደ ሰው የሞት ሰዓት ምን ያደርግለታል? መጠየቅ የነበረብኝ በሩ ሲዘጋ ማን የት እንደነበረ ነው።

* * *

ሬዲዮው ቢሮው ውስጥ፣ ከታችኛው መሳቢያ ነበር፤ ገመዱ በጥንቃቄ ተጠቅልሏል።

"መቼ ነው የወሰዱት፣ ጋሽ ይርጋለም?"

"ሰኞ። ከዛፉ ሥር ስንነጋገር ሰምተሽ የለ።"

"እማማ እሁድ አመሻሽ ነው ይላሉ።"

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ መልሶ አላደረገውም።

"ወደዚህ ስንሰደድ፣ ሱዳን ላይ እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር" አለኝ። "ያሳደገችኝ እማማ አገርነሽ ናት። ስምንት ወር ሙሉ እናትህ ሐኪም ቤት ናት ትለኝ ነበር። እዚህ ከገባን፣ ሆዴ ከሞላ፣ አልጋ ላይ መተኛት ከለመድኩ በኋላ፣ አንድ ንጋት አቅፋ ነገረችኝ። ታዲያ እሷን ሬዲዮ ያርዳት?"

"እሁድ ጠዋት ምን ሆነ?"

"ለጋሹ፣ እናንተ የራሳችሁን ሳትነኩ እኔ ለምን እነካለሁ ብሎኝ ነበር። የተፈረመ ወረቀት ይዤ መሄድ ነበረብኝ። አባ ሽበሺ የመሥራቾቹን መዝገብ ላሳይህ ብሎ ወደ ሚቅላቱ ይዞኝ ወረደ። የሞቱትን ሰዎች አሻራ አንድ በአንድ እያሳየ፣ ይሄ ጠባቂ ነበር፣ ይቺ ቤት ታጸዳ ነበር ይለኛል። እኔ የስድሳ ልጅ ስም ይዣለሁ። ባቡሩ ሊሄድብኝ ነው። ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጬ፣ እስክትፈርም አትወጣም ብዬ ዘጋሁት።" እጁን አየ። "ለአንድ ሰዓት ነበር። ፈጠነ ይከፍትለታል፣ የተፈረመውንም ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል ብዬ ከባቡር ጣቢያው ደወልኩ። ዕረፍት መውጣቱን የረሳሁት እኔ ነኝ።"

"ለኦሬን ለምን አልደወሉም? ለእኛስ?"

"ምን ብዬ? አባትህን ቆልፌበታለሁ ልበለው? አሥር ትልልቅ ሰው ፊት ተነስቼ፣ ሽማግሌ ዘግቼ መጥቻለሁ ልበል? አሁን እነሳለሁ፣ አሁን እነሳለሁ እያልኩ ስብሰባው አለቀ።"

ይሉኝታ ትዳር ሲያፈርስ፣ ጎጆ ሲያራቁት አይቻለሁ። ሰው ሲገድል ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ወረቀቱስ?"

ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። የአባ ሽበሺ ፊርማ ሥሩ ላይ አለ፤ ፊደሎቹ ወደ ታች ተንሸራተዋል። "ተመልሼ ስከፍት ፈርሞ፣ ሞቶ አገኘሁት፤ በሩን መልሼ ዘጋሁት" አለ ይርጋለም፣ ያኔ አለቀሰ። "ያን ማታ እሷ ጋ ስገባ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ወንድምሽ ፈርሟል ብላት ጣቷን ወዲያው ትሰጠኝ ነበር። አላወጣሁትም።"

አመንኩት። ካቴናውም አልቀረለትም። በሩ ላይ ሲደርስ፣ "መርዶው ላይ ልገኝ?" አለኝ።

"አይሆንም" አልኩት።

* * *

ረቡዕ ንጋት ላይ ሃያ ሰው ሆነን ደረጃውን ወጣን። በሩን የከፈተችልን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው። ትልቁ ሽማግሌ አፉን ሳይከፍት፣ "ሽበሺ ነው አይደል?" አለች። ከዚያ ቤቱ በለቅሶ ሞላ።

በኋላ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። "ሬዲዮዬ ሲነቀል ነው ሞት መኖሩን ያወቅሁት" አለችኝ። "እኔስ ስንቱን ደብቄ አረዳሁ። ማን እንደሆነ ብቻ አላወቅሁም። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ስቆጥር ነበር። አንቺ ስትመጪ እሱ መሆኑን አወቅሁ።" ዙሪያዋን ቃኘች። "ይርጋለምስ?"

ሃያው ሰው እኔን አየ። "ሥራ ይዞት ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ። እኔም አላረምኩትም።

የሐዘኑ ሰባት ቀን ሲያልቅ ሄጄ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"እሁድ ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ" አለች።

"አዎ፣ እማማ።"

"ልጄን የሰጠሁት እኔ ነኛ።"

መዋሸት እችል ነበር። በዚያ ቤት የተዋሸው ይበቃል ብዬ፣ "አዎ" አልኳት። መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ፤ ተነስቼ መሄድም መቆየትም አቃተኝ።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ፤ አንዱ ላሟ እንድትታረድ፣ ሌላው እንድትቆይ። ለምስክርነት እኔን አስጠራችኝ። የወንድሟን ፊርማ ቅጂ አሳየናት። ማንበብ አትችልም፤ መስመሩን ግን በጣቷ ተከተለችው።

"በር ተዘግቶበት የፈረመው ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"እንግዲያ ፊርማ አይደለም።"

"ስድሳው ልጅስ?" አላት ጠበቃው። "ክፍሎቹ ይዘጋሉ እኮ።"

"ለጊዜው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይግቡ። እኔንም ይርገሙኝ። ላሟ ካለች ታናናሾቻቸው ይመለሳሉ።" ወደ እኔ ዞረች። "የይርጋለም ልጆች ስንተኛ ናቸው?"

"ሰባተኛና ዘጠነኛ።"

"ክፍያቸው ከወተቷ ይሁን። ጻፍ" አለችው ጠበቃውን። ጻፈ። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም "ትቆይ" የሚለው ወረቀት ላይ አሳረፈችው፤ በመሐረብ ጠረግሁላት።

"ሺራን፣ ነገ ንጋት ላይ ይርጋለም ጋ ትወስጂኛለሽ።"

"ምን ሊያደርጉ?"

"ክፍሎቹ መዘጋታቸውን እኔ ልንገረው። ከሬዲዮ እንዳይሰማ።"

"ንጋት ላይ እስር ቤት ሰው አያስገቡም፣ እማማ።"

"አንቺ ፖሊስ አይደለሽም እንዴ?"

ስልኬን አወጣሁና ድቪር ጋ ደወልኩ።